ደመወዙ ተነገረ፤ ሰዓቱስ?

በየመሥሪያ ቤቱ በር፣ በጋዜጣና በቴሌግራም ቻናል የሚወጡ የሥራ ማስታወቂያዎች ቅርጻቸው ተመሳሳይ ነው። የሥራ መደቡ መጠሪያ፣ የትምህርት ደረጃ፣ የሥራ ልምድ፣ ብዛት፣ የሥራ ቦታ፣ ከዚያ ደመወዝ «በስምምነት» ወይም «በድርጅቱ ስኬል መሠረት»። ከታች «ተያዥ ማቅረብ የሚችል»፣ «በሥራ ጫና ውስጥ መሥራት የሚችል» የሚሉ መስመሮች ይከተላሉ። በስንት ሰዓት ተገብቶ በስንት ሰዓት እንደሚወጣ፣ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚሠራ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሥራ ይኑር አይኑር የሚናገር ማስታወቂያ ግን እምብዛም አይገኝም። ያልተነገረው ሰዓት ብዙውን ጊዜ «በሥራ ጫና ውስጥ» ከምትለው ሐረግ ሥር ተደብቆ ይገኛል።

አመልካቹም አይጠይቅም። ተወዳዳሪ በበዛበት ቃለ መጠይቅ ላይ ስለ መውጫ ሰዓት ማንሣት ሰነፍ ያስመስላል ተብሎ ይፈራል። ስለዚህ ሁለቱም ወገን ዝም ብለው ይፈራረማሉ። እውነቱ የሚታወቀው ሥራ ከተጀመረ በኋላ ነው። አዲሱ ሠራተኛ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ቦርሳውን ሲያነሣ፣ የክፍሉ ሰው ሁሉ ከወንበሩ አለመነሣቱን ያያል። አለቃው «ዛሬ ትንሽ እናመሻለን» ይለዋል። በማግስቱም ያው ነው። ወሩ ሲያልቅ ማምሸቱ የሥራው ባሕርይ እንደሆነ፣ ቀጣሪውም ይህን ከመጀመሪያው ያውቅ እንደነበር ይገባዋል።

ረጅም ሰዓት የሚጠይቅ ሥራ መኖሩ በራሱ ነውር አይደለም። ሆስፒታል ሌሊት አይዘጋም፤ ሆቴልም፣ ዳቦ ቤትም፣ የጥበቃ ሥራም እንዲሁ። ነውሩ ሰዓቱን እያወቁ ደብቆ መቅጠር ነው። ይህ ማብራሪያ የኢትዮጵያ ሕግ ስለ ሥራ ሰዓት የሚለውን፣ በቅጥር ጊዜ የሚተወውን ክፍተት፣ መደበቅ ሁለቱንም ወገን የሚያስከፍለውን ዋጋና ግልጽ ቅጥር ምን እንደሚመስል ያሳያል።

ሕጉ ስለ ሰዓት ምን ይላል?

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 እንደሚለው መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8 ሰዓት፣ በሳምንትም ከ48 ሰዓት መብለጥ የለበትም። የሥራ ሰዓት የሚባለው ሠራተኛው ሥራውን የሚሠራበት ብቻ ሳይሆን ራሱን ለሥራ ዝግጁ አድርጎ የሚገኝበት ጊዜም ጭምር ነው። ይህ ትርጉም ለብዙ ሰው ጠቃሚ ነው። ገበያ ቀዝቅዞ ደንበኛ ባይገባም ከባንኮኒው ጀርባ የቆመች ሻጭ ሥራ ላይ ናት። በር ላይ የተቀመጠ ጥበቃም ሌባ ባይመጣም ሥራ ላይ ነው።

ሥራው የሚጠይቅ ከሆነ በአንዱ ቀን ሰዓት ተቀንሶ ወደ ሌሎቹ ቀናት ሊሸጋሸግ ይችላል፤ ሆኖም በየቀኑ የሚጨመረው ከ2 ሰዓት አይበልጥም። ቅዳሜ ግማሽ ቀን ሠርተው የሚወጡ ድርጅቶች በሌሎቹ ቀናት ትንሽ የሚያመሹት በዚህ መሠረት ነው። ሰዓቱን በየሳምንቱ እኩል ማከፋፈል ካልተቻለም በረዘመ ጊዜ አማካይ ማስላት ይፈቀዳል። አማካዩ ግን ያው በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው።

ከዚህ በላይ የሚሠራው የትርፍ ሰዓት ሥራ፣ በተለምዶ አጠራሩ ኦቨርታይም ነው። ሠራተኛው ትርፍ ሰዓት እንዲሠራ አይገደድም። አሠሪው ሌላ አማራጭ ከሌለው ብቻ፣ ያውም አደጋ ሲደርስ ወይም ሊደርስ ሲል፣ ከአቅም በላይ የሆነ ነገር ሲያጋጥም፣ አስቸኳይ ሥራ ሲመጣ፣ ወይም ያለማቋረጥ በሚካሄድ ሥራ ላይ የቀረ ሠራተኛን መተካት ሲያስፈልግ ሊያሠራ ይችላል። በአስቸኳይ ሥራ ምክንያት የሚሠራው ትርፍ ሰዓት ደግሞ በቀን ከ4 ሰዓት፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት ሊበልጥ አይችልም። የቀድሞው አዋጅ ቁጥር 377/1996 በቀን 2፣ በወር 20፣ በዓመት 100 ሰዓት ብሎ ይወስን ነበር።

የክፍያው ስሌትም ተቀምጧል። ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ለተሠራ ትርፍ ሰዓት የመደበኛው የሰዓት ክፍያ በ1.5 ተባዝቶ ይከፈላል። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ከሆነ በ1.75፣ በሳምንት የዕረፍት ቀን ከሆነ በ2፣ በሕዝብ በዓል ቀን ከሆነ በ2.5 ይባዛል። ሠራተኛው በየሰባት ቀኑ ውስጥ ቢያንስ 24 ያልተቆራረጡ የዕረፍት ሰዓታት ማግኘትም አለበት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይሏል። ሕጉ ትርፍ ሰዓትን የፈቀደው ለየት ላለ አጋጣሚ ነው። ዓመቱን ሙሉ በየምሽቱ «አስቸኳይ» የሚባል ሥራ ካለ፣ አስቸኳይነቱ አብቅቷል፤ የድርጅቱ መደበኛ አሠራር ሆኗል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ድርጅት የሚጎድለው ሰው ነው፤ ተጨማሪ ሠራተኛ መቅጠር ይኖርበታል።

ክፍተቱ የት ላይ ነው?

ሕጉ የሰዓቱን ጣሪያ በግልጽ አስቀምጦ ሳለ፣ ሰዓቱ ከፊርማ በፊት ይነገር የሚል ጠንካራ ግዴታ ግን አላስቀመጠም። አዋጁ የሥራ ውል ምን መያዝ እንዳለበት ሲዘረዝር የሥራውን ዓይነትና ቦታ፣ የደመወዙን መጠንና የስሌቱን ዘዴ፣ የአከፋፈሉን ሁኔታና ጊዜ፣ እንዲሁም ውሉ ጸንቶ የሚቆይበትን ጊዜ ይጠራል። የሥራ ሰዓት በዚህ ዝርዝር ውስጥ የለም። የዕለቱ መግቢያና መውጫ የሚገኘው በአብዛኛው በድርጅቱ የሥራ ደንብ ውስጥ ነው። አዋጁ ራሱ የሥራ ደንብ የሚለው የሥራ ሰዓትን፣ የዕረፍት ጊዜን፣ የደመወዝ አከፋፈልን፣ የደኅንነት ጥንቃቄንና የዲሲፕሊን እርምጃን የመሳሰሉትን የሚወስነውን የውስጥ ደንብ ነው። ይህን ደንብ አመልካች ከመፈረሙ በፊት የሚያየው ስንት ቦታ ነው? ብዙው ሠራተኛ ደንቡን የሚያውቀው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ሲጻፍበት ነው።

ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ ደግሞ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ፍሬ ነገር የያዘ የተፈረመ ጽሑፍ ለሠራተኛው መስጠት አለበት። በአነስተኛ ሱቅ፣ በምግብ ቤትና በጋራዥ ይህ ሲፈጸም ብዙ አይታይም። እዚያ ሁሉ ነገር በቃል ነው፤ በቃል የተባለው ደግሞ ሲካድ ማስረጃ የለውም። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል የሚባለው ለዚህ ዓይነቱ ነገር ነው።

በሌላ አገር ይህን ክፍተት ለመድፈን ተሞክሯል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣው ግልጽና አስቀድሞ የሚታወቅ የሥራ ሁኔታን የሚመለከት መመሪያ፣ አባል አገሮች እስከ ነሐሴ 2022 እ.ኤ.አ. በሕጋቸው እንዲያካትቱት አዝዞ ነበር። በመመሪያው መሠረት አሠሪው ሥራ በተጀመረ በ7 ቀን ውስጥ የሥራ ቀኑን ወይም ሳምንቱን ርዝመት፣ ትርፍ ሰዓት እንዴት እንደሚታዘዝና እንደሚከፈል በጽሑፍ ለሠራተኛው ማሳወቅ አለበት። ሰዓቱ የሚለዋወጥ ሥራ ከሆነ፣ በየትኞቹ ቀናትና ሰዓታት ሊጠራ እንደሚችልና ስንት ቀን አስቀድሞ እንደሚነገረው ይጻፍለታል። በጀርመን፣ በጣሊያን ወይም በስዊድን ተቀጥረው የሚሠሩ ወገኖቻችን ይህ ጽሑፍ ካልተሰጣቸው ሊጠይቁ ይገባል።

ሰዓቱ ያልታወቀ ደመወዝ ስንት ነው?

ደመወዝን ነግሮ ሰዓትን መተው፣ ዋጋውን ጠርቶ ኪሎውን እንደማይናገር ነጋዴ መሆን ነው። ገዢው ውድ ይሁን ርካሽ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። በቁጥር እንየው።

ሁለት ድርጅቶች ለአንድ ዓይነት ሥራ በወር 10,400 ብር እንከፍላለን አሉ እንበል። በመጀመሪያው ድርጅት ሠራተኛው በሳምንት ስድስት ቀን፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት፣ አንድ ሰዓት የምሳ ዕረፍት እየወሰደ ይሠራል። ይህ በሳምንት 48 ሰዓት፣ በወር በአማካይ 208 ሰዓት ነው። 10,400 ለ208 ሲካፈል የአንዱ ሰዓት ክፍያ 50 ብር ይሆናል።

በሁለተኛው ድርጅት መግቢያው ያው 2 ሰዓት ሆኖ፣ መውጫው ምሽት 1 ሰዓት ነው። ይህን ግን ማንም አልተናገረም፤ ለተጨማሪው ሰዓትም የሚከፈል የለም። ሠራተኛው በቀን 10፣ በሳምንት 60፣ በወር 260 ሰዓት ይሠራል። የአንዱ ሰዓት ክፍያው ወደ 40 ብር ወረደ። በወረቀት ላይ እኩል የነበሩት ሁለት ደመወዞች እኩል አይደሉም። ሕጉ በሚለው ስሌት ቢሆን ደግሞ፣ 52ቱ የወሩ ትርፍ ሰዓታት እያንዳንዳቸው በ75 ብር ተሰልተው ሌላ 3,900 ብር ይከፈልበት ነበር። ሰዓቱን የደበቀው ቀጣሪ በየወሩ ከሠራተኛው ኪስ የሚያወጣው ይህንን ያህል ነው።

ብሩ ብቻም አይደለም። ምሽት ላይ የሚወጣ ሰው ታክሲ ሰልፍ ይጠብቀዋል፤ ታክሲ ካጣም በኮንትራት ወይም በራይድ ይሄዳል። ልጅ ያላት እናት መዋያው የሚዘጋበትን ሰዓት እያሰበች ትሠራለች። የማታ ትምህርት የሚማር ሰው ሰሚስተሩን ያቋርጣል። እነዚህ ሰዎች ሰዓቱን አስቀድመው ቢያውቁ አንዳንዶቹ ሥራውን ባልያዙት፣ ሌሎቹ ሞግዚት ወይም የቅዳሜና እሑድ ትምህርት ፈልገው በተዘጋጁ ነበር። የተወሰደባቸው የመምረጥና የመዘጋጀት ዕድላቸው ነው።

ጤናም አለ። የዓለም ጤና ድርጅትና ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 በጋራ ያወጡት ጥናት በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚሠሩ ሰዎችን ከ35 እስከ 40 ሰዓት ከሚሠሩት ጋር አወዳድሯል። የመጀመሪያዎቹ በጭንቅላት የደም ሥር አደጋ (ስትሮክ) የመያዝ ዕድላቸው በ35 በመቶ፣ በልብ የደም ሥር መጥበብ ሕመም የመሞት ዕድላቸው በ17 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። በዚህ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2016 ብቻ ወደ 745 ሺሕ ሰዎች መሞታቸውን ሁለቱ ድርጅቶች ገምተዋል። በምሳሌያችን ያለው የ60 ሰዓት ሳምንት ከዚህ መስመር ያለፈ ነው።

ቀጣሪዎች ለምን አይናገሩም?

ሁሉም ተንኮለኛ ሆኖ አይደለም። አንዳንዱ ባለቤት ራሱ ከንጋት እስከ እኩለ ሌሊት ስለሚሠራ ሰዓት መቁጠር ትዝም አይለውም። ሥራው እስኪያልቅ መቆየት ለእሱ የጤነኛ ሰው ወግ ነው። ንብረቱ የእሱ እንደሆነና የሚያመሸው ለራሱ ትርፍ እንደሆነ፣ ሠራተኛው ግን የተስማማው ለተወሰነ ሰዓት በተወሰነ ደመወዝ እንደሆነ ይዘነጋል።

ሌላው አያሰላውም። የባንክ ቅርንጫፍን እንውሰድ። በሩ ለደንበኛ ከተዘጋ በኋላ ገንዘብ ተቀባይዋ ብሩን ትቆጥራለች፣ ከቮቸሩ ጋር ታስተያያለች፣ ሒሳቡ ካልገጠመ ልዩነቱ እስኪገኝ ከወንበሯ አትነሣም። በሥራ አስኪያጁ ዓይን የሥራው ቀን የሚያልቀው በሩ ሲዘጋ ነው፤ በእሷ ግን ሒሳቡ ሲገጥም ነው። ማስታወቂያውን የሚጽፈው ሰው የመጀመሪያውን ሰዓት ይዞ ይጽፋል፤ ወይም ምንም አይጽፍም።

ሦስተኛው እያወቀ ይደብቃል፤ «ብናገር ማን ይመጣልኛል?» ብሎ። ይህ ፍርሃት መልስ ያስፈልገዋል።

መደበቅ ቀጣሪውን ምን ያስከፍለዋል?

ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ዴርኮን የተባሉ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች በኢትዮጵያ በአምስት ድርጅቶች ለመቀጠር ያመለከቱ ወደ 1,000 የሚጠጉ ሰዎችን ተከታትለው ጥናታቸውን እ.ኤ.አ. በ2018 አሳትመዋል። ከድርጅቶቹ መካከል የጫማ ፋብሪካ፣ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ የታሸገ ውኃ ፋብሪካና የአበባ እርሻ ይገኙበታል። ሥራው ለአንዳንዶቹ በዕጣ ተሰጠ። ሥራውን ካገኙት ውስጥ አንድ ሦስተኛው በመጀመሪያው ወር ውስጥ ለቀቁ፤ ዓመቱ ሲያልቅ የለቀቁት 77 በመቶ ደርሰው ነበር። የለቀቁባቸው ምክንያቶች ብዙ ናቸው፤ የደመወዙ ማነስና የሥራው አድካሚነት ከነሱ ውስጥ ናቸው። ጥናቱ የተደረገው ሰዓት መናገር ያለውን ውጤት ለመለካት አይደለም። የሚያሳየው ግን አንድ ነገር አለ፦ ሥራውን ገብቶ ካየ በኋላ ጥሎት የሚሄድ ሰው ብዙ ነው። ለእነዚህ ሰዎች ሁሉ የመመልመያ፣ የሥልጠና፣ የደንብ ልብስና የብክነት ወጪ ወጥቷል። ወጪውም ከቀጣሪው ኪስ ነው።

ሠራተኛውን የሚይዘው ነገር የለም። በአዋጁ መሠረት የሙከራ ጊዜ እስከ 60 የሥራ ቀን ሊደርስ ይችላል፤ በዚህ ጊዜ ሠራተኛው ያለ ማስጠንቀቂያ መልቀቅ ይችላል። ስለዚህ የተደበቀው ሰዓት ይፋ የሚወጣው ሠራተኛው በነፃነት መሄድ በሚችልበት ወቅት ነው። ቀጣሪው ያተረፈው ጥቂት ሳምንት ነው፤ ከዚያ ማስታወቂያው እንደገና ይለጠፋል።

እውነቱን ቢናገርስ ሰው ይሸሻል? ጆን ዋነስ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1973 ያሳተመው ጥናት ይህን ጥያቄ ይነካል። በአንድ የስልክ ኩባንያ ኦፕሬተር ለመሆን ካመለከቱት ሴቶች አንዳንዶቹ የተለመደውን፣ ሥራውን የሚያሞካሸውን ፊልም አዩ። ሌሎቹ የሥራውን መልካም ጎን ከነአሰልቺነቱና ከነቁጥጥሩ የሚያሳይ ፊልም አዩ። እውነቱን ያዩትም እንደ ሌሎቹ ሥራውን ተቀበሉ። በኋላ ግን ስለ ሥራው የነበራቸው ግምት ከእውነታው ጋር የተቀራረበ ስለነበር፣ ስለ መልቀቅ የሚያስቡት ከሌሎቹ ያነሰ ሆነ። ክፉውን አስቀድሞ የሰማ ሰው እያወቀ ይገባል፤ እያወቀ የገባ ደግሞ ተታለልኩ አይልም።

አዋጁ የማይደርስላቸው

ሰዓትን አስቀድሞ መናገር ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልገው የሕጉ ጣሪያ ለማይሸፍናቸው ሰዎች ነው።

የመጀመሪያዎቹ የቤት ሠራተኞች ናቸው። በግለሰብ ቤት የሚሠራ፣ ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎት ከአዋጁ ወሰን ውጭ ነው። የ8 ሰዓቱ ጣሪያም፣ የትርፍ ሰዓት ስሌቱም አይደርሳቸውም። እዚያው ቤት የምታድር ልጅ የሥራ ቀኗ ቡና ከማፍላት ይጀምርና እንግዳ እስኪሸኝ፣ ዕቃ እስኪታጠብ ይቀጥላል። ለእሷ ያላት ጥበቃ በቅጥር ቀን የተባለው ነው። ስለዚህ ደላላው ደመወዙን ሲነግራት፣ ቀጣሪዋም በስንት ሰዓት እንደምትነሣ፣ ማታ ከስንት ሰዓት በኋላ እንደማትጠራ፣ ቀን ላይ የምታርፍበትን ጊዜና የሳምንት ዕረፍቷን ቀን ልትነግራት፣ ቢቻልም ልትጽፍላት ይገባል።

ወደ ዓረብ አገር የሚሄዱትም እንዲሁ ናቸው። የኳታር ሕግ ቁጥር 15 የ2017 እ.ኤ.አ.፣ ሌላ ስምምነት ካልተደረገ በስተቀር፣ የቤት ሠራተኛን የሥራ ጊዜ በቀን በ10 ሰዓት ይወስናል። የኩዌት ሕግ ቁጥር 68 የ2015 እ.ኤ.አ. ደግሞ ከ12 ሰዓት እንዳይበልጥ ያዛል። ሁለቱም የሳምንት ዕረፍት ይሰጣሉ። ኤጀንሲው ደመወዙን በሪያል ወይም በዲናር ሲጠራ፣ እነዚህን ሰዓታትም በአማርኛ ወይም ሠራተኛዋ በምትሰማው ቋንቋ መናገር አለበት። የማታውቀውን መብት ልትጠይቅ አትችልም።

ሌሎቹ የሥራ መሪዎች ናቸው። አዋጁ ፖሊሲ የሚያወጡና የሚያስፈጽሙ፣ ወይም ሠራተኛ የመቅጠር፣ የማዛወር፣ የማገድና የማሰናበት ሥልጣን ያላቸውን ሰዎች አይሸፍንም። ችግሩ የሚመጣው «ሱፐርቫይዘር» ወይም «ማናጀር» የሚል መጠሪያ ሲሰጥና ሥልጣኑ ሳይሰጥ ሲቀር ነው። መለኪያው መጠሪያው ሳይሆን ሥልጣኑ ነው። ማንንም መቅጠርም ሆነ ማሰናበት የማይችል ማናጀር በመጠሪያው ብቻ የትርፍ ሰዓት መብቱን አያጣም።

መናገር ምን አይፈቅድም?

ግልጽነት አንድ ወሰን አለው። «አስቀድሜ ነግሬዋለሁ፣ ፈርሟል» የሚል ቀጣሪ ከሕጉ በላይ ሊያሠራ አይችልም። አዋጁ የሥራ ውል በሕግ ከተሰጠው ያነሰ ጥቅም ሊያስቀምጥ አይችልም ይላል።

የጥበቃ ሥራ ጥሩ ምሳሌ ነው። «24 ሠርቶ 24 ማረፍ» በብዙ ቦታ የተለመደ አሠራር ነው፤ ብዙ ጊዜም በግልጽ ይነገራል። ሲሰላ ግን በሳምንት በአማካይ 84 ሰዓት ይመጣል። አማካይ ማስላት የተፈቀደ ቢሆንም አማካዩ 48 መሆን ስላለበት፣ 84ቱ ምንም ቢነገር ሕጋዊ አይሆንም። «ደመወዙ ኦቨርታይምን ያካትታል» የሚል ሐረግም እንዲሁ ነው። የተካተተው ገንዘብ በአዋጁ ስሌት ከሚመጣው ካነሰ፣ ሐረጉ ሠራተኛውን አያስርም።

ግልጽ ማስታወቂያ ምን ይመስላል?

ለአንድ ሱፐርማርኬት ገንዘብ ተቀባይ የሚወጣ ማስታወቂያ ከደመወዙ ቀጥሎ እንዲህ ቢል በቂ ነው፦

«የሥራ ሰዓት፦ በሳምንት 6 ቀን፣ በሁለት ሽፍት። የጠዋቱ ከ1 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት፣ የከሰዓቱ ከ7 ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት። ሽፍቱ በየሳምንቱ ይቀያየራል። የሳምንት ዕረፍት በተራ ስለሆነ እሑድ ላይሆን ይችላል። በምሽት ሽፍት ሒሳብ እስኪገጥም እስከ 30 ደቂቃ ሊያስመሽ ይችላል። ከእንቁጣጣሽ፣ ከገናና ከፋሲካ በፊት ባለው ሳምንት እስከ 8 ሰዓት ትርፍ ሥራ ሊኖር ይችላል። ትርፍ ሰዓት በአዋጁ መሠረት ከደመወዝ ጋር ይከፈላል። ከምሽት ሽፍት በኋላ ሰርቪስ አለ።»

ይህ ማስታወቂያ ማንንም አያስፈራም። መግቢያና መውጫው፣ የቀናቱ ብዛት፣ የሚያስመሸው ነገር፣ ሥራ የሚበዛበት ወቅት፣ ክፍያውና መመለሻው ሁሉ ተነግሯል። ወቅታዊ ሥራ ያላቸው ድርጅቶች በተለይ ወቅቱን ሊጠሩ ይገባል። የአበባ እርሻ ከፍቅረኞች ቀን በፊት ያሉትን የጥርና የየካቲት መጀመሪያ ሳምንታት ያውቃቸዋል። የሒሳብ ክፍልም ሰኔ 30 በጀት ሲዘጋና እስከ ጥቅምት 30 ግብር ሲገለጽ እንደሚያመሽ ያውቃል። ይህን አስቀድሞ የሰማ የሒሳብ ሠራተኛ ሠርጉን መስከረም ላይ አይቆርጥም።

ቃለ መጠይቁ ላይ ደግሞ ሰዓቱን የሚናገረው የሰው ኃይል ክፍሉ ብቻ መሆን የለበትም። ሥራውን አሁን የሚሠራ ሰው አሥር ደቂቃ ከአመልካቹ ጋር ቢነጋገር ከየትኛውም ብሮሹር ይበልጣል።

አመልካች እንዴት ይጠይቅ?

መጠየቅ ስንፍና አይደለም። አጠያየቁ ግን ሥራውን ለማወቅ እንደሚፈልግ ሰው ቢሆን መልሱም ይሻላል። «ስንት ሰዓት ነው የምንወጣው?» ከማለት ይልቅ እነዚህ ይጠቅማሉ፦

«ባለፈው ወር የዚህ ክፍል ሠራተኞች አብዛኛውን ቀን የወጡት በስንት ሰዓት ነበር?» ስለ ደንቡ የሚጠየቅ ሰው ደንቡን ያነባል፤ ስለ ባለፈው ወር የሚጠየቅ ግን የሆነውን ለማስታወስ ይገደዳል።

«በዓመቱ ውስጥ ሥራ በጣም የሚበዛበት ወቅት የትኛው ነው? ያን ጊዜ ሳምንቱ ምን ይመስላል?»

«ትርፍ ሰዓት ሲኖር የሚያዘው ማን ነው? የሚመዘገበውስ የት ነው?»

«ከመፈረሜ በፊት የሥራ ደንቡን ላየው እችላለሁ?»

መልሱ «እንደ ሥራው ነው»፣ «እኛ እዚህ እንደ ቤተሰብ ነን» ከሆነ፣ ጥያቄው አልተመለሰም። በትሕትና አንድ ጊዜ መድገም ተገቢ ነው። ሥራው እጅግ አስፈላጊ ሆኖ በዚያው የሚፈርም ሰው ቢኖር ማንም ሊፈርድበት አይችልም። ቢያንስ ግን ምን እንዳልተነገረው አውቆ ይፈርማል፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮም ሰዓቱን ይመዘግባል።

ከገቡ በኋላ ሰዓቱ ሌላ ሆኖ ሲገኝ

መዝገብ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። በአዋጁ መሠረት ትርፍ ሰዓት የሚባለው አሠሪው በግልጽ አዝዞ የተሠራው ነው። ስለዚህ ክርክር ሲመጣ መጀመሪያ የሚነሣው «ማን አምሽ አለህ?» የሚለው ጥያቄ ነው። አለቃው በቴሌግራም የላከው «ዛሬ ሪፖርቱ ሳያልቅ እንዳትወጡ» የሚል መልእክት፣ የአሻራ መዝገብ፣ የፈረቃ ሰሌዳ ፎቶግራፍ፣ በየቀኑ መግቢያና መውጫው የተጻፈበት ደብተር ሁሉም ይረዳሉ።

ጊዜም አለው። የደመወዝ፣ የትርፍ ሰዓትና የሌሎች ክፍያዎች ጥያቄ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። «ልልቀቅና እጠይቃለሁ» እያለ ሁለት ዓመት የቆየ ሰው አብዛኛውን ገንዘብ አጥቷል። በመጀመሪያ ከቅርብ አለቃ ጋር መነጋገር፣ ማኅበር ካለ በማኅበሩ በኩል ማቅረብ፣ ካልሆነ ወደ አካባቢው የሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ ወይም ወደ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት መሄድ ይቻላል። ለመልቀቅ የወሰነ ሰው የሙከራ ጊዜውን ከጨረሰ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት እንዳለበት አይዘንጋ።

ሕጉ ነገ ሊሻሻል ይችላል፤ የሥራ ሰዓት በውሉ ውስጥ የግድ ይጻፍ የሚል አንድ መስመር ቢጨመርበት ብዙ ክርክር ገና ሳይወለድ ይቀራል። ቀጣሪ ግን ያንን መጠበቅ አያስፈልገውም። ማስታወቂያው ላይ ሁለት መስመር መጨመር ወጪ የለውም፤ ፈቃድም አያስፈልገውም። ሰዓቱን ለመጻፍ የሚቸገር ቀጣሪ ካለ ከሁለት አንዱ ነው፦ ወይ የገዛ ሠራተኞቹ ስንት ሰዓት እንደሚሠሩ አያውቅም፣ ወይ የሚያውቀው ሰዓት በጽሑፍ ቢወጣ የሚያስጠይቀው ነው። የመጀመሪያው ቆጥሮ ይወቅ፤ ሁለተኛው ሰዓቱን ይቀንስ፣ ወይም ሰው ይጨምር።